ወንድ እንዲህ አይልም

ጥቅምት 6 ቀን

ጥያቄ ለማይታክታት ልጄ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። መልሱን በማዘግየቴ ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ ሰበቡ ስንፍና ሳይሆን ጥያቄሽ ራሱ ነው። እንደምን ከርመሻል? ያቺ የምታስነጥስሽ ቢሮ ቀለም ተቀባች ወይስ ግድግዳዋ አሁንም እንደ ዱቄት ይረግፍብሻል? የኔ ጤና የዕድሜዬን ያህል ነው። ጉልበቴ ደረጃ ይፈራል። ጆሮዬ ከስልክ ጋር እንደ ተኳረፈ ቀርቷል፤ ፊት ለፊት እንኳ ሰው ካልጮኸልኝ የምሰማው ግማሹን ነው። እንግዲህ በወረቀት መጨዋወታችን የግድ ሆኗል፤ አልከፋኝም። አርባ አንድ ዓመት መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ከወረቀት ሌላ ምን ጆሮ አለው?

የእንግሊዝኛውን ስያሜ «መርዛማ ወንድነት ብንለውስ?» ማለትሽን አነበብኩ፤ አነበብኩና መነጽሬን አውልቄ ቁጭ አልኩ። የምትተረጉሙት የሥልጠና መጽሐፍ በሚስቶቻቸው ላይ እጃቸውን ላነሡ፣ ቤታቸውን ላሸበሩ ወንዶች መሆኑን ነግረሽኛል። ሐሳቡም ገብቶኛል፤ ወንድ ልጅ አይፈራም፣ አያለቅስም፣ እርዳታ አይለምንም እየተባለ ያደገ ሰው በመጨረሻ ቤቱንም ራሱንም ያፈርሳል ነው ነገሩ። ይህን ለማለት ግን መርዝንና ወንድነትን በአንድ ቀንበር መጥመድ ምን አመጣው? ገና በሩን ሳያንኳኳ መርዝ ነህ ያልሽው ሰው እንዴት ብሎ ይገባልሻል? በልጅነቴ ጎርፍ በመጣ ጊዜ ገመድ በወገባቸው አስረው የማያውቁትን ሰው ልጅ ሲያወጡ ያየኋቸው ወንዶች ነበሩ። አንደኛው አልተመለሰም። ያንን ሰው በዚህ ቃል ፊት በምን ዓይኔ ላየው ነው? እኔን ያሳደገኝ ወንድነት ነው፤ እናትሽ ስትሞትም ያቆመኝ እሱ ነው።

ቢሆንም የሙያዬ ሕግ ከስሜቴ ይበልጣል። ሕጌን ታውቂያለሽ፤ ሕያው አፍ ያልተናገረው ነገር ወደ መዝገብ አይገባም። ስለዚህ ያንቺ ሰዎች የሚናገሩትን፣ ስማቸውን ሳትጠቅሺ፣ አንድም ቃል ሳታቃኚ፣ እያንዳንዱን በየካርዱ ጽፈሽ ላኪልኝ። በመጀመሪያ ሸክሙን ልየው፤ ከዚያ ሸክሙን የሚችል ቃል እንፈልጋለን።

ወንድምሽን ስለ ጠየቅሽኝ፣ ደህና ነው። እሑድ እሑድ ይመጣል። የጋዝ ሲሊንደሩን ይለውጥልኛል፣ የተቃጠለ አምፖል ካለ ይቀይራል፣ ይቀመጣል። ሥራ እንዴት ነው? ደህና። ጤናስ? ደህና። በሠላሳ አራት ዓመትህ ለምን አታገባም ብዬ ብጠይቀው «አባባ፣ የክሬን ካቢን ለሁለት ሰው አይበቃም» አለኝ፤ ስቄ ተውኩት። ከመሬት ስልሳ ሜትር ላይ ተቀምጦ ብረት የሚያነሣ ሰው ምን ይባላል? ባልደረቦቹ «ደመና» ይሉታል አሉ። ከታች ጭነቱን የሚያስርለት «ቋጠሮ» የሚሉት ወዳጁ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ «ደመና፣ ዛሬ ምን ልታዘንብብን ነው?» እያለ ያስቀዋል።

ግን አጥብቀሽ መጠየቅሽ ምነው? አንቺ እንዲህ የምትጠይቂው አስቀድመሽ አንድ ነገር ስታውቂ ነው።

አባትሽ


ጥቅምት 19 ቀን

የተከበሩ አባባ፣

ጽሕፈትዎ ዛሬም ቀጥ ያለ መሆኑን አይቼ ደስ አለኝ፤ ጉልበትዎ ቢደክም እጅዎ አልደከመም። ቢሮዋ አልተቀባችም። እኔም ማስነጠሴን አልተውኩም።

ወንድሜን አጥብቄ የጠየቅሁት እኅቱ ስለሆንኩ ነው ብዬ ልለፈው። የቀረውን ራሱን ይጠይቁት። ብቻ «ደህና ነህ?» ብለው አይጠይቁት፤ እሱ ዘንድ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀው መልስ አንድ ብቻ ነው።

ቃሉን በተመለከተ ግማሹን ሙግትዎን ሳልወድ ተቀብያለሁ። የምንሰበሰብባት ክፍል ድሮ የዕቃ ማስቀመጫ ነበረች፤ ዘጠኝ የፕላስቲክ ወንበር በክብ ደርድረን እንቀመጥባታለን። ባለፈው ሐሙስ ረቂቁን ሳነብላቸው አንድ የአውቶቡስ መካኒክ እጁን አነሣ።

«እኔ መርዝ ነኝ እንግዲህ?»

«አንተን አይደለም፤ የተማርከውን ነው።»

«ያስተማረኝ አባቴ ነው። አባቴን ነው የምትሰድቢው?»

አጠገቡ የተቀመጠው ሥጋ ሻጭ «ተወው ወንድሜ፤ አይጥ ከመባል መርዝ መባል ይሻላል» አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መካኒኩ ግን ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። ሚስቱ ትናንት መጥታ ነበር፤ ፊቷን ቢያዩት ኖሮ! እንግዲህ ቃሌ እሱን አስወጥቶ ለእሷ ምን ፈየደላት? ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ለእርስዎ ብቻ ነው።

ሆኖም አባባ፣ «የተበከለ ውሃ» ስንል ውሃን አልሰደብንም፤ ምንጩን እንጠብቅ ማለታችን ነው። ስም የሌለውን ነገር ሰው «ተፈጥሮዬ ነው» ብሎ ይቀመጥበታል። ስም ሲያገኝለት «ይህ ነገር ያዘኝ» ማለት ይጀምራል፤ የያዘ ነገር ደግሞ ሊለቅ ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው ያሳደጉን እርስዎ ነዎት።

አሥራ ሁለት ካርድ ልኬያለሁ። ቀይ እርሳስዎን ከማንሣትዎ በፊት ድምፅ አውጥተው ያንብቧቸው። ብቻዎን ባያነቧቸው ደስ ይለኛል፤ እሑድ ወንድሜ ሲመጣ ቢሆን ይመረጣል።

ልጅዎ


ኅዳር 4 ቀን

ውድ ልጄ፣

ካርዶቹ ደርሰውኛል፤ እንዳዘዝሽኝም እሑድን ጠብቄ፣ ወንድምሽ ባለበት፣ እንደ ድሮው ድምፄን ከፍ አድርጌ አንብቤያቸዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከጡረታዬ ወዲህ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ከሰዓት አላሳለፍኩም።

ሁለተኛው፣ «ሚስቴ መናገር ስትጀምር ጆሮዬ ውስጥ ባቡር ያልፋል» የሚለው፣ ዕንቁ ነው። አምስተኛው፣ «መምታቴን የማውቀው እጄን ሲያመኝ ነው»፣ ያስፈራል፤ እውነት በመሆኑ ያስፈራል። አሥረኛው ትንሽ ተሽሞንሙኗል፤ የጸሐፊዋ እጅ ሳይኖርበት አይቀርም።

ሰባተኛውን ግን ጣይው። «ሥራ ከመግባቴ በፊት እጄ ይንቀጠቀጣል። ማንም እንዳያይብኝ ኪሴ እከተዋለሁ። አንድ የማከብረው ሰው ይብቃህ ቢለኝ ዛሬውኑ እተወው ነበር።» ልጄ፣ ይህን የተናገረ ወንድ የለም። እጁ የተንቀጠቀጠ ወንድ ይራገማል፣ ይጠጣል፣ ከሰው ይጣላል፤ ይብቃህ በሉኝ ብሎ አይለምንም። ጨው የለውም፤ መጽሐፍ መጽሐፍ ይሸታል። በቀይ እርሳስ ከጥጉ ላይ «ወንድ እንዲህ አይልም» ብዬ ጽፌ መልሼልሻለሁ።

ይህን ስፈርድ ያለ ምስክር አይደለም። ወንድምሽ አምፖል ሊቀይር ወንበር ላይ ቆሞ ነበር። «አንተ የሥራ ሰው ነህ፤ እስቲ ፍረድ። እንዲህ የሚል ወንድ ገጥሞህ ያውቃል?» አልኩት። «ሲል የሰማሁት የለም» አለኝ። «ይሄ የሆነ ልብስ ሰፊ ይሆናል፤ ክር መርፌ አልገባ ብሎት ነው የሚያለቅሰው» ብዬ ቀለድኩ። ሳቀ፤ ትከሻው እስኪነቃነቅ ድረስ ሳቀ። አምፖሉም ከእጁ ወድቆ ተሰበረ። ስብርባሪውን ራሱ ጠርጎ ቶሎ ሄደ።

እሱን ባየሁ ቁጥር የእናትሽ ቀብር ትዝ ይለኛል። አንቺ ሕፃን ነበርሽ፤ እሱ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ሲንሰቀሰቅ ትከሻውን ይዤ «ይበቃል፤ ከዛሬ ጀምሮ የቤቱ ምሰሶ አንተ ነህ፤ ምሰሶ ደግሞ አያለቅስም» አልኩት። እንደ ቧንቧ ነው ቀጥ ያለው። ከዚያ ወዲህ ዕንባውን አይቼ አላውቅም። ታዲያ ይህ ነው መርዝ? እኔንና አንቺን ያሻገረን ድልድይ እኮ ነው።

«የተበከለ ውሃ» ስላልሽው፣ ምሳሌሽ ያምራል። ነገር ግን ውሃ የተበከልህ ሲሉት አይሰማም፤ ሰው ይሰማል።

አባትሽ


ኅዳር 14 ቀን

አባባ፣

ደብዳቤዎን በቆምኩበት አነበብኩት። አንብቤም ለመቀመጥ ጊዜ ወሰደብኝ።

ሰባተኛውን ካርድ አልጥለውም። የተናገረውን ሰው አውቀዋለሁ፤ ሲናገረው እያየሁት ነው የጻፍኩት። ከዚህ በላይ እንዳልናገር ቃል ገብቻለሁ፤ ቃል ማፍረስን ደግሞ አላስተማሩኝም።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፤ ምክንያቱን አይጠይቁኝ። በሚመጣው እሑድ ወንድሜን አጠገብዎ አስቀምጠው «ይብቃህ፤ ከዚያ ክሬን ላይ ውረድ፤ ጥቂት ወር እረፍ፤ እኔ አላፍርብህም» ይበሉት። ይኸው ነው። ከራስዎ አፍ የወጣ ይሁን፤ እኔ ያዘዝኩት አይምሰል።

ስለ ቃሉ ሌላ ጊዜ እንከራከር። አሁን አቅሙ የለኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ልጅዎ


ኅዳር 22 ቀን

ውድ ልጄ፣

ደብዳቤሽ አጠረብኝ፤ ታመሽ እንዳይሆን ሰግቻለሁ። እንደ ወትሮው ረዘም አድርገሽ ጻፊልኝ።

ትእዛዝሽን ግን ፈጽሜያለሁ። ያዘዝሽኝ ነገር ከየት እንደ መጣ ደግሞ አላጣሁትም። ከልጅነትሽ ከፍታ የምትፈሪ አንቺ ነሽ፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው የመዝገበ ቃላት ቢሮዬ መስኮት አጠገብ እንኳ አትቆሚም ነበር። እሱ ክሬን ላይ በወጣ ቁጥር አንቺ እታች ሆነሽ ትወድቂያለሽ። የእኅት ፍቅር ነው፤ አልነቅፈውም።

መደበቅ ስለማልችልበት ነገሩን በግልጽ አቀረብኩለት። «እኅትህ ይብቃህ በለው ብላ አዛኛለች» አልኩት። እንደ ወትሮው ይስቃል ብዬ ነበር።

«ምኑ ነው የሚበቃኝ?» አለኝ።

«እንጃ፤ ክሬኑ ነው መሰለኝ። ውረድ፣ እረፍ ነው የምትለው።»

ወንበሩን ወደ ጆሮዬ ሳብ አድርጎ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እኔማ ምን እላለሁ? የወንድ ልጅ ቦታው ሥራው ነው» አልኩት።

«ልክ ነዎት» አለኝ። ተነሥቶ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ወጣ። ሲሊንደሩን ሳይለውጥ መሄዱን ያወቅሁት ሰኞ ጠዋት ነው።

ይህን ሳስብ ስለ ቃላችን አንድ ነገር ታየኝ። አንድ ቃል ጠቃሚ ነው የሚባለው ሰው በራሱ ላይ ሊለው ሲችል ይመስለኛል። «ስግብግብ ነበርኩ» የሚል ሰው አይቻለሁ፤ «ቀናተኛ ነኝ» የሚልም አለ። «መርዛማ ወንድ ነኝ» የሚል ሰው ግን በሕይወቴ የምሰማ አይመስለኝም። ጣት ሌላው ላይ ለመቀሰር እንጂ ወደ ራስ ለመመለስ የተሠራ ቃል አይደለም። ምን ትያለሽ?

አባትሽ


ኅዳር 28 ቀን፣ ጠዋት

አባባ፣

ቃሌን አፍርሻለሁ። ወንድሜ ይቅር እንደማይለኝ አውቄ ነው የማፈርሰው።

ሰባተኛው ካርድ የእሱ ነው።

ባለፈው ክረምት እሱ ካቢኑ ውስጥ ሳለ ድንገተኛ ነፋስ መጥቶ ክሬኑን እንደ ፈለገ አዞረው። ሩብ ሰዓት ያህል መቆጣጠሪያው አልታዘዝ አለው። ሲወርድ ለማንም አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ መሰላሉ ሥር ሲደርስ እጁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። መስከረም ላይ እኔ ዘንድ መጥቶ ሁለት ቀን የሰነበተው እረፍት አግኝቶ አልነበረም። ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ሳህን እያጠበ ነው የነገረኝ። የማእከላችን ሐኪም አይቶት ሦስት ወር ከፍታ ላይ እንዳይወጣ የሚል ወረቀት ጻፈለት። ወረቀቱን አጥፎ ያዘ፤ ለአለቆቹ ግን አልሰጠም። «ደመና ፈራ ይሉኛል» አለኝ። «ይበሉሃ» አልኩት። «አባባ ይሰማሉ» አለኝ።

ካርድ እንድልክልዎት ሲጠይቁኝ ሐሳቡን ያመጣው ራሱ ነው። «የኔንም ጻፊና ከሌሎቹ ጋር ቀላቅለሽ ላኪው። አባባ ካወቁኝ እነግራቸዋለሁ። ካላወቁኝም ስለዚያ ሰው ምን እንደሚሉ እሰማለሁ» አለኝ። ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፣ እሑድ ያንብቡ ያልኩዎት ለዚህ ነበር። ጥፋቱ የኔም ነው። ሕያው ሰው በካርድ መላክ አልነበረበትም።

ትናንት ደወለልኝ። «የአባባን ሁለቱንም መልስ ሰምቻለሁ። ከእንግዲህ ይህን ነገር አታንሺብኝ» ብሎ ዘጋው። እለምንዎታለሁ፣ እሑድን አይጠብቁ። ይህ ደብዳቤ እንደ ደረሰዎት ሥራ ቦታው ድረስ ይሂዱ፤ ታክሲ ይያዙ፤ መሰላሉ ሥር ቆመው ይጥሩት።

ልጅዎ


ኅዳር 29 ቀን

ልጄ፣

ወንድምሽ በሕይወት አለ። ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ይህን ያዢ።

ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያነሣው የፌሮ እስር ከአራተኛው ፎቅ ቁመት ወደ መሬት ወርዷል። እታች የነበረው ቋጠሮ ነው። ወዲያው ነው ያለፈው ይላሉ፤ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ይላል። ወንድምሽ መሰላሉን ብቻውን ወርዶ፣ አስከሬኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ፖሊስ እስኪመጣ አልተነሣም። ፎርማኑ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነገረኝ። «ክሬኑ ምንም ችግር የለበትም አባቴ፤ ልጅዎም የኔ ቸልተኝነት ነው ብሎ ፈርሟል» አለኝ።

ቸልተኛ አይደለም። የአምፖል ካርቶን እንኳ አጥፎ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። አንቺ የምታውቂው ነገር ካለ እባክሽ አሁን ንገሪኝ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 3 ቀን

ልጄ፣

የኅዳር 28 ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። አንቺ ስትጽፊው ቋጠሮ በሕይወት እንደ ነበረ ሰዓቱን ቆጥሬ አወቅሁ።

ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ አጠረኝ ብዬ ብጽፍ ያው ማሳመር ነው። ሳቀ ብዬ የጻፍኩልሽን መለስ ብዬ አሰብኩት። ጆሮዬ ግማሹን ብቻ እንደሚሰማ አንቺም ታውቂያለሽ። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር የፈረድኩት በትከሻው ነው።

ሰው በራሱ ላይ የማይለው ቃል ጥቅም የለውም ብዬሽ ነበር። እንግዲያው ልበለው። ከመርዙ ያጠጣሁት እኔ ነኝ፤ ድልድይ ነው እያልኩም በአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ተራመድኩ። ይኸው አልኩት። ታዲያ ምን ተለወጠ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የሐኪሙን ወረቀት ግልባጭ ይዘሽ ነይ። ወንድምሽ ታስሯል፤ የያዝኩለት ጠበቃ ሕመሙ ከታወቀና ድርጅቱም ሠራተኞቹን የማያስመረምር መሆኑ ከተገለጸ ቅጣቱ በእጅጉ ይቀላል ይላል።

አባትሽ


ጥር 12 ቀን

አባባ፣

በሰላም ገብቻለሁ። ሳልሰናበትዎት በማለዳ መውጣቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ደጃፍ ላይ መቆም አልቻልኩም።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ እስር ቤት ሄጄ ዘጠኙንም ቀን አላያትም ማለቱን አልፈርድበትም። ምስጢሩን ያወጣሁበት እኔ ነኝ። ግልባጩን ለጠበቃው ሰጥቻለሁ፤ ነገር ግን እሱ ራሱ ካላመነ ወረቀት ብቻውን ምን ያደርጋል? የሚሰማው ሰው ካለ እርስዎ ነዎት። ችሎት ፊት ቆመው ይመስክሩለት። ምን እንደሚሉ አልነግርዎትም።

ሥልጠናውን ቀጥለናል። መካኒኩ አልተመለሰም። ሚስቱም መምጣት ትታለች፤ ይህኛው ይበልጥ ያስፈራኛል።

ልጅዎ


የካቲት 25 ቀን

ልጄ፣

እንዴት ሆነ ብለሽ ለጠየቅሽኝ ልነግርሽ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

መሰከርኩ። ለሳምንት ያዘጋጀሁትን ንግግር ኪሴ ትቼ በተራ አማርኛ ነው የተናገርኩት። ልጄ ታሞ እንደ ነበር፣ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደ ነበር፣ አውርደኝ ብሎ በሚችለው መንገድ ሁሉ ለምኖኝ እንዳልሰማሁት፣ ፈሪ እንዳይባል ያሳደግሁት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። የቋጠሮ ሚስት ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ። ዳኛዋ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ወደ እሱ ዞራ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ እሱም ቆሞ መለሰ። አልሰማሁትም። ጠበቃውን «ምን አለ?» አልኩት። ሊነግረኝ አልፈለገም። ደግሜ ስጠይቀው የመዝገቡ ጠርዝ ላይ ጽፎ ወደ እኔ ገፋው።

«አባቴ አርጅተዋል፤ ሊያተርፉኝ ብለው ነው። ሐኪሙን የዋሸሁት የእረፍት ወረቀት ፈልጌ ነው። እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ቸልተኛ ነበርኩ።»

ይህን ሲናገር ድምፁ ጥርት ያለ ነበር ይላል ጠበቃው።

አራት ዓመት ተፈርዶበታል። ሲያወጡት በአጠገቤ አለፈ፤ ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዬ «ብርድ ነው፤ ካፖርትዎን ይቆልፉ» አለኝ። ይህን ሰማሁት።

አባትሽ


መጋቢት 16 ቀን

ልጄ፣

ስለ ይግባኙ ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል፤ ዝም ያልኩሽ የምጽፈው ስላልነበረኝ ነው። ዛሬ አለኝ።

አስቀድሜ ለሥራ ጥያቄሽ ልመልስ። ማተሚያ ቤቱ እየጠበቃችሁ ከሆነ «መርዛማ ወንድነት» ብላችሁ አትሙት። የተሻለ አላገኘሁም፤ መፈለጉንም ትቻለሁ። ስም ያገኘ ነገር ይለቃል ያልሽውን ለማመን ከአንቺ በላይ እመኝ ነበር። እኔ ስሙን አውቄያለሁ፤ ልጄም ሰምቶታል፤ ሁለታችንም ባለንበት አለን። ምናልባት እስካሁን ያልሰማ ሰው ይኖር ይሆናል። ለእሱ አትሙለት።

ወደ ይግባኙ ልመለስ። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ይዤ ሄድኩ፤ የቀረው የእሱ ፊርማ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ተቀብሎኝ ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ፤ ብዕሩን አልነካውም። በሁለተኛው ቀን «አባባ፣ የሞተው ሰው እኮ ይግባኝ የለውም» አለኝ፤ ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩ። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነበር። ከማለዳ ጀምሬ ጠያቂዎች ከሚሰለፉበት መስኮት ፊት ቆምኩ። ተራዬ ሲደርስ ስሙን ጠሩት፤ አልወጣም። ደግመው ጠሩት። ጥቂት ቆይቶ ጠባቂው ብቻውን ተመለሰ። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ትሑት ሰው ነው፤ ጆሮዬ እንደማይሰማ ስላወቀ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸልኝ።

«ደህና ነኝ በልልኝ፤ እንዳይደክሙ፤ ከእንግዲህ አይምጡ ብሏል አባቴ!»

ወረቀቱን እጄ ላይ አይቶ ሳያዝንልኝ አልቀረም። ሊያጽናናኝ ፈልጎ እንዲህ አለኝ።

«አይሥጉ። እዚህ ስንቱን አይተናል፤ የመጀመሪያው ወር ላይ ሁሉም እንደ ሕፃን ያለቅሳል። የእርስዎ ልጅ ግን ዕንባ የሚባል አያውቅም፤ አንድ ቀን ከፍቶት አላየነውም። ወንድ ነው የወለዱት አባቴ። ይኩሩበት።»

ከኋላዬ የቆሙት ሰዎች በአድናቆት አዩኝ። እኔም ባርኔጣዬን አንሥቼ «አመሰግናለሁ» አልኩት።

አባትሽ